ሉዊ ፓስተርና የእኔ ቡቺ

ባለፈው ዓመት አንዲት ቡችላ ከውሻ መጠለያ ወስጄ ማሳደግ ጀመርኩ፤ ስሟም ቡቺ ነው። የእንስሳት ሐኪሟ የክትባት ዝርዝር ስትሰጠኝ ዋጋውን አይቼ ደነገጥኩ። የተማሪ ኪስ ታውቁታላችሁ! የትኛው ግዴታ ነው፣ የትኛው ይቅር እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ አንድ ስም ትዝ አለኝ፤ ፓስተር።

አዲስ አበባ ላደግን ሰዎች ፓስተር ማለት ውሻ የነከሰው ልጅ የሚወሰድበት ቦታ ነው። ሰባት ዓመቴ ሳለ የጎረቤት ውሻ ነክሶኝ አያቴ ጠበል ይበቃዋል ስትል እናቴ ጠበሉም መርፌውም ይሁን ብላ ወደዚያ ይዛኝ ሄደች። ለብዙ ቀናት ሆዴ ላይ ተወጋሁ። ያን ጊዜ የረገምኩት ስም የሰው ስም መሆኑን ያወቅሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው።

ሉዊ ፓስተር በ1822 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ዶል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቆዳ ፋቂ ነበር፤ በእኛ አገር ሲናቅ የኖረ ሙያ። ልጅ ሳለ ባደገበት አካባቢ ያበደ ተኩላ ሰዎችን ነክሶ ቁስላቸው በጋለ ብረት ሲተኮስ ነበር። ሌላ መድኃኒት አልነበረም።

ፓስተር ኬሚስት እንጂ ሐኪም አልነበረም። ከአምስት ልጆቹ ሦስቱን በልጅነታቸው ቀበረ። በ1868 ደግሞ ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ ተጎዳ። እሱ ግን ሥራውን አላቆመም። በ1881 የአባ ሰንጋ ክትባቱን በአደባባይ ሲፈትን የተከተቡት በጎች ሲተርፉ ያልተከተቡት አለቁ።

ከዚያ ወደ እብድ ውሻ በሽታ ዞረ። ተሐዋሲውን በዘመኑ ማይክሮስኮፕ ማየት አይቻልም ነበር። ከረዳቱ ከኤሚል ሩ ጋር የታመሙ ጥንቸሎችን ሕብለ ሰረሰር በማድረቅ በሽታውን አዳከሙት፤ መጀመሪያ የተከተቡትም ውሾች ነበሩ።

ሐምሌ 6 ቀን 1885 እ.ኤ.አ. አንዲት እናት ከአልዛስ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ጆሴፍ ማይስተርን ይዛ መጣች። ከሁለት ቀን በፊት ውሻ ብዙ ቦታ ነክሶታል። ፓስተር የሕክምና ፈቃድ አልነበረውም፤ ልጁ ቢሞት ተጠያቂ ነው፣ ዝም ቢል ደግሞ ልጁ ሊሞት ይችላል። መርፌውን ሐኪም እንዲወጋ አድርጎ 13 ጊዜ አስከተበው። ልጁ ዳነ። ተሐዋሲው በነርቭ በኩል ወደ አንጎል የሚጓዘው ቀስ ብሎ ስለሆነ ክትባቱ ሊቀድመው ይችላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል።

ፓስተር መስከረም 28 ቀን 1895 እ.ኤ.አ. ዐረፈ። ቀኑ ዛሬ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ሆኖ ይታሰባል።

ወደ ቡቺ ልመለስ። ሐኪሟ ያስረዳችኝ እንዲህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ፣ ዲስቴምፐር፣ ፓርቮና አዴኖቫይረስ ለማንኛውም ውሻ የግድ ናቸው፤ የመጀመሪያውን በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ሕግም ያዛል። የውሻ ሳል፣ የላይምና የውሻ ኢንፍሉዌንዛ ክትባቶች ግን እንደ ውሻው አኗኗር ይወሰናሉ። ከሌሎች ውሾች ጋር ያድራል? መዥገር ያለበት ጫካ ይሄዳል? ሌፕቶስፓይሮሲስን ደግሞ ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ከግዴታዎቹ ጋር ይቆጥሩታል። ቡቺ የግዴታዎቹን ሁሉ ወሰደች፤ ኢንፍሉዌንዛውን ለጊዜው ተውነው።

በዚያው ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። ግቢያችንን የሚጠብቀው ውሻ ተከትቦ እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀች፤ ማን አስቦት ያውቃል! የእህቴ ልጆች ከእሱ ጋር ነው የሚውሉት። ለክትባቱ የሚሆን ገንዘብ በማግስቱ ላክሁ። ቢነክሳቸው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥበው ጤና ጣቢያ እንዲሮጡም ነገርኳት። እናንተም ቤት ስትደውሉ ስለ ውሻው ጠይቁ።