ድንበር የማያውቀውን መንጋ የቆጠሩት የእንስሳት ሐኪም

በታንዛንያና በኬንያ መካከል ያለው ወሰን ከቪክቶሪያ ሐይቅ ተነሥቶ እስከ ኪሊማንጃሮ ተራራ አካባቢ ድረስ በማስመሪያ እንደ ተሰመረ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በ1886 በወሰኑ የተስማሙት እንግሊዝና ጀርመን ሲሆኑ፣ በዚያ የሚኖረውን ከብት አርቢ የጠየቀው አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከወሰኑ በስተደቡብ 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የታንዛንያው የሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ፣ በስተሰሜን ደግሞ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የኬንያው የማሳይ ማራ ጥብቅ ሥፍራ ጐን ለጐን ይገኛሉ።

ዊልደቢስት የሚባለውና ከአገራችን ቆርኬ ጋር የቅርብ ዘመድ የሆነው የዱር እንስሳ በዝናቡ ወራት በደቡቡ ሜዳ ላይ ወልዶ፣ ሣሩ ሲደርቅ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ የማራን ወንዝ ተሻግሮ ኬንያ ይሰነብታል፤ ዝናቡ ሲመለስ እርሱም ይመለሳል። ፓስፖርት የሚጠይቀው የለም። ይህን ጉዞ ከአየር ላይ ተከታትለው ከመዘገቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ዶክተር በርንሃርድ ግርዚሜክ ናቸው።

ዶክተር ግርዚሜክ የተወለዱት በ1909 በናይሰ ከተማ ነው። ከተማዋ በዚያን ጊዜ የጀርመን ስትሆን ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። የተማሩት የእንስሳት ሕክምና ሲሆን፣ የመጀመሪያ ሥራቸው ግን ከዝሆንና ከአንበሳ ጋር የሚያገናኝ አልነበረም። ስለ ዶሮ በሽታዎች መጽሐፍ ጻፉ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥረውም የእንቁላልን ጥራትና ገበያ የሚመለከት ሥራ ይሠሩ ነበር። በሂትለር ዘመን የናዚ ፓርቲ አባል ነበሩ። ጦርነቱ በ1945 ሊያበቃ ሲል የፍራንክፈርት ከተማ የአራዊት ማቆያ ኃላፊ ሆኑ። ማቆያው በቦምብ ፈራርሶ ጥቂት እንስሳት ብቻ ቀርተውት ነበር። መልሰው አቋቋሙት፤ እስከ 1974 ድረስም መሩት።

በ1956 ከልጃቸው ከሚካኤል ጋር ሆነው የአፍሪካ የዱር እንስሳት መጠጊያ እያጡ መሄዳቸውን የሚያሳይ ፊልም አወጡና ገንዘብ አገኙበት። በዚህ ገንዘብ መሬት ተገዝቶ በሴሬንጌቲ ላይ እንዲጨመር አሰቡ። ያን ጊዜ ታንጋኒካ ትባል የነበረችው አገር የፓርኮች ኃላፊ ግን ሌላ ሐሳብ አቀረቡላቸው። የእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር የፓርኩን ወሰን ለመለወጥ ተነሥቶ ነበርና፣ መንጋው በየትኛው ወር የት እንደሚውል ይጠና ዘንድ ገንዘቡ ለዚሁ እንዲውል አሳሰቧቸው። አባትና ልጅም ተስማሙ። አውሮፕላን ማብረር ተምረው፣ አነስተኛ ዶርኒየር አውሮፕላን ገዝተው፣ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ ቀለም ቀብተው በ1957 መጨረሻ ከጀርመን ወደ ሴሬንጌቲ በረሩ።

ከብት የቆጠረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ችግሩ መቁጠሩ ሳይሆን የተቆጠረውን መልሶ አለመቁጠሩ ነው። የጋራ ግጦሽ ያላቸው ሁለት አጎራባች ቀበሌዎች አንዱ ሰኞ፣ ሌላው ዓርብ ቢቆጥሩ አንድ በሬ ሁለት ጊዜ ሊጻፍ፣ ወይም ጭራሹን ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ እነ ግርዚሜክ ሜዳውን በካርታ ላይ ከፋፍለው፣ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ዝቅ ብለው ቀጥ ባለ መሥመር እየተመላለሱ ቆጠሩ። አንዳንዱንም እንስሳ ይዘው ከሩቅ የሚታይ ባለ ቀለም ማነቂያ በአንገቱ ላይ አሰሩለት። ሣሩና አፈሩም እየተወሰደ ተመረመረ፤ መንጋው አንዱን ሣር ትቶ ሌላውን ለምን እንደሚከተል ለማወቅ ነበር።

በ1958 የተገኘው ውጤት ከ366 ሺህ በላይ ትላልቅ እንስሳት ሲሆን፣ ከነዚህም 99 ሺህ ያህሉ ዊልደቢስት ነበሩ። በ1961 ሌሎች ተመራማሪዎች ሲቆጥሩ ሩብ ሚሊዮን ያህል ዊልደቢስት አገኙ። በሦስት ዓመት ውስጥ መንጋ ይህን ያህል ሊራባ አይችልምና የመጀመሪያው ቆጠራ ብዙ አሳንሶ ነበር ማለት ነው። ዋናው ግኝታቸው ግን አልተሻረም። ይኸውም መንጋው የዓመቱን ከፊል ከፓርኩ ወሰን ውጭ እንደሚያሳልፍ ነው። በአንድ ወገን ብቻ ተሁኖ የሚደረግ ጥናት ግማሽ ጥናት ነው። ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም፤ ነጭ ጆሮ ቆርኬ የሚባለው እንስሳ በደቡብ ሱዳኑ ቦማና በጋምቤላ መካከል ወሰን እየተሻገረ ይመላለሳል።

ጥር 10 ቀን 1959 ሚካኤል ብቻውን እያበረረ ሳለ አውሮፕላኑ ከጥንብ አንሣ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ሚካኤል በ24 ዓመቱ ሞተ። በንጎሮንጎሮ ገሞራ አፋፍ ተቀበረ። አባቱ ፊልሙንና መጽሐፉን ብቻቸውን ጨረሱ። ሴሬንጌቲ መሞት የለበትም የሚል ትርጉም ያለው ይህ ፊልም በ1960 በአሜሪካ የኦስካር ሽልማት ሲያገኝ፣ መጽሐፉም ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተረጐመ።

ፊልሙ ከአየር ላይ ስለታየው ብዙ ተናገረ፤ መሬት ላይ ስለነበሩት ሰዎች የተናገረው ግን ከዚያ ያነሰ ነው። በሴሬንጌቲ ሜዳ የማሳይ ሕዝብ ከብቱን እያሰማራ ይኖር ነበር። በ1958 የማሳይ ሽማግሌዎች ከቅኝ አስተዳደሩ ጋር አካባቢውን ለመልቀቅ የሚያስችል ስምምነት እንዲፈርሙ ተደረገ፤ በ1959ም ሕዝቡ ወጥቶ በምሥራቅ በኩል ከፓርኩ በተቀነሰው በንጎሮንጎሮ ክልል ውስጥ እንዲኖር ተወሰነ። ውሳኔው የዶክተር ግርዚሜክ ሳይሆን የአስተዳደሩ ነው። እንዲያውም እርሳቸው ንጎሮንጎሮ ከፓርኩ መቀነሱን ተቃውመዋል። ይሁን እንጂ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሰው፣ የአገሩ ተወላጅም ቢሆን፣ መኖር የለበትም የሚል አቋም ነበራቸው። ይህንንም በዓለም ዙሪያ አሰምተዋል። በኬንያ በኩል የተሄደው መንገድ የተለየ ነው። ማራ በ1961 ሲቋቋም አስተዳደሩ ለናሮክ የአካባቢ ምክር ቤት ስለ ተሰጠ፣ የመግቢያው ገንዘብ የሚሰበሰበው በዚያው ነበር። የታንዛንያው ጉዳይ ግን ከ60 ዓመት በኋላም አልበረደም። በሰኔ 2022 በሎሊዮንዶ የወሰን ድንጋይ ሲተከል ግጭት ተነሥቶ የተጐዱ ማሳዮች ለሕክምና ወደ ኬንያ ተሻግረዋል።

ዶክተር ግርዚሜክ የእንስሳት ሐኪም ሆነው ሳለ በጊዜው ያላመዛዘኑት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የደስታ በሽታ ነው። ይህ የከብት ደዌ በ1887 አካባቢ በምጽዋ በኩል ገብቶ በአገራችን ክፉ ቀን የሚባለውን እልቂት አመጣ። ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል ፈጅቶ፣ የሚያርስበት በሬ ያጣው ገበሬ ለረሃብ ተዳረገ። ከዚያም ወደ ደቡብ ወርዶ በ1890 ገደማ የማሳይን ከብት ጨረሰ፤ ዊልደቢስቱንና ጎሹንም ከከብቱ ጋር አጨደ። ለ70 ዓመት ያህል በየጊዜው እየተመለሰ የዊልደቢስቱን ጥጃ ይገድል ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በፓርኩ ዙሪያ ያሉት የአርቢዎቹ ከብቶች ሲከተቡ በሽታው በ1963 አካባቢ ከዱር እንስሳቱ ጠፋ። ዊልደቢስቱን የከተበው አልነበረም፤ ከብቱ ሲድን እርሱም ዳነ። በ1977 ቁጥሩ ወደ 1.3 ሚሊዮን ደረሰ። ፓርኩን እንደ ጠላት ሲታይ የነበረው ከብት ለመንጋው መብዛት ምክንያት መሆኑ ነው። በሽታው በኢትዮጵያ መጥፋቱ በ2008፣ በዓለም መጥፋቱ ደግሞ በ2011 ተረጋግጧል።

ዶክተር ግርዚሜክ ከልጃቸው ሞት በኋላ ዋና ሥራቸው ሰዎችን ወደ ሥፍራው ማምጣትና ለጥናት የሚሆን ገንዘብ ማሰባሰብ ሆነ። ከ1956 ጀምሮ በጀርመን ቴሌቪዥን የዱር እንስሳት ዝግጅት ያቀርቡ ነበር። በአንዱ ዝግጅት ላይ በርካሽ ዋጋ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚወስድ ጉዞ እንዳለ ተናገሩ፤ እንዲህ ያለ ጉዞ ግን አልነበረም። ተመልካቹ የጉዞ ድርጅቶችን ማስጨነቅ ሲጀምር ድርጅቶቹ ጉዞውን ለማዘጋጀት ተገደዱ። ዘዴው ቀና ባይባልም ሠራ። የሚመሩት የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥናት ማኅበር በ1963 በኪሊማንጃሮ ግርጌ በምዌካ ለተከፈተው የዱር እንስሳት አስተዳደር ኮሌጅ ገንዘብ ካዋጡት አንዱ ነው። ኮሌጁ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎችን በአንድነት አስተምሯል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያዎችም እዚያ ሠልጥነዋል። ማኅበሩ ከ2005 ጀምሮ በባሌ ተራሮችም ሠርቷል። በሴሬንጌቲ ውስጥ በ1966 የምርምር ተቋም ተከፍቶ ቆጠራው በየጊዜው እንዲቀጥል ተደረገ።

የጉብኝቱ እቅድ አንድ ድካም ነበረው። ጐብኚው አብዛኛውን ጊዜ ናይሮቢ ላይ አርፎ፣ ማራን አይቶ ነበር ወደ ሴሬንጌቲ የሚሻገረው። በ1977 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሲፈርስ ታንዛንያ ወሰኑን ዘጋች፤ እስከ 1983ም ተዘግቶ ቆየ። የሴሬንጌቲ ገቢ ወደቀ፤ ለጥበቃው ሠራተኛ የሚሆን በጀት ጠፋ። አዳኞች ገብተው ጎሹንና ዝሆኑን አሳነሱ፤ አውራሪሱን ለመጥፋት ጥቂት አስቀሩት። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ዊልደቢስቱ እንደ ልማዱ በየዓመቱ ተሻገረ።

ዶክተር ግርዚሜክ መጋቢት 13 ቀን 1987 በፍራንክፈርት የሰርከስ ትርኢት እየተመለከቱ ሳለ በ77 ዓመታቸው ሞቱ። አስከሬናቸው ተቃጥሎ አመዱ ወደ ታንዛንያ ተወሰደና ከልጃቸው አጠገብ ተቀበረ። ሥፍራው በ1959 ከፓርኩ እንዳይቀነስ ተከራክረውለት የነበረው፣ ማሳዮች ከከብቶቻቸው ጋር እንዲኖሩበት የተከለለው ንጎሮንጎሮ ነው።