ከኢቲሳ እስከ ዳሞት፦ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የወንጌል ጉዞና በከፋ የቀረው ዘር

ነሐሴ 24 ቀን የጻድቁ የአባታችን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዕለተ ዕረፍት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን ዕለት በማሕሌትና በቅዳሴ ታከብረዋለች። በዓሉ ጻድቁ ካረፉበት ከደብረ ሊባኖስ ገዳም ጀምሮ እስከ ሩቁ ደቡብ ምዕራብ ድረስ ይታሰባል። በቦንጋና በከፋ ደናማ አገር ለሚኖሩ ምእመናን ደግሞ በዓሉ የተለየ ትርጉም አለው። ጻድቁ በወጣትነታቸው ወንጌልን ይዘው የወጡት ወደዚያው አቅጣጫ፣ ወደ ዳሞት ነበርና።

ልደትና አስተዳደግ

አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተወለዱት በሸዋ፣ በቡልጋ፣ ጽላልሽ ዞረሬ በተባለው አገር፣ ኢቲሳ በምትባል መንደር ነው። አባታቸው ካህኑ ጸጋ ዘአብ፣ እናታቸው እግዚእ ኀረያ ይባላሉ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ልደታቸው ታኅሣሥ 24 ቀን 1197 ዓ.ም. ሲሆን፣ በክርስትና የተሰጣቸው ስም ፍሥሐ ጽዮን ነበር።

የጻድቁ ታሪክ ግን የሚጀምረው ከመወለዳቸው በፊት ነው። ገድላቸው እንደሚተርከው የዳሞቱ ገዥ ሞቶሎሚ በሸዋ ላይ ዘምቶ አገሩን ወረረ፤ ካህናትን ገደለ፤ ምእመናንን ማረከ። ጸጋ ዘአብ ከሚያሳድዳቸው ፈረሰኛ ሸሽተው ወደ ባሕር ገብተው ሲተርፉ፣ እግዚእ ኀረያ ግን ተማርከው ወደ ዳሞት ተወሰዱ። ሞቶሎሚም ሊያገባቸው የሠርግ ድግስ አዘጋጀ። በዚያ ጊዜ ቅዱስ ሚካኤል ከምርኮ አውጥቶ ወደ አገራቸው፣ ወደ ባለቤታቸው መለሳቸው። ጻድቁ የተፀነሱት ከዚህ መከራ በኋላ ነው። እንግዲህ ሕፃኑ ያደጉት የዳሞት ስም በፍርሃት በሚነሳበት ቤት ነበር ማለት ነው።

ፍሥሐ ጽዮን ከአባታቸው መጻሕፍትን ተምረው በ15 ዓመታቸው ዲቁና፣ በኋላም ቅስና ተቀበሉ። በወጣትነታቸው አደን ይወዱ ነበር። አንድ ቀን በጫካ ሳሉ ከእንግዲህ አራዊትን ሳይሆን የሰዎችን ነፍስ እንዲያድኑ የሚያዝ ሰማያዊ ጥሪ ደረሳቸው፤ ስማቸውም ተክለ ሃይማኖት ተባለ። ትርጉሙም የሃይማኖት ተክል ማለት ነው። ወዲያው ወደ ቤታቸው ተመልሰው ያላቸውን ሁሉ ለድሆች አከፋፈሉ፤ ቤታቸውንም እንደተከፈተ ትተው ወጡ።

ወደ ጠላት አገር

ስብከታቸውን የጀመሩት ከተታ በተባለ አገር ነው። በዚያ ሕዝቡ ያመልከው የነበረውን ዛፍ በጸሎታቸው እንዳፈለሱትና ብዙዎችን እንዳጠመቁ ገድላቸው ይናገራል። ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ዳሞት አቀኑ። የዚያ ዘመኑ ዳሞት ዛሬ በጎጃም በዚሁ ስም የሚጠራው አገር አይደለም። ከዓባይ በስተ ደቡብ የሚገኝ ሰፊ ግዛት የነበረ ሲሆን፣ ስሙ ወደ ጎጃም የተሻገረው ከብዙ ዘመን በኋላ ከሕዝቡ ጋር ነው።

ወጣቱ ካህን የሄዱት እናታቸውን ወደ ማረከው፣ የአባታቸውን ባልንጀሮች ወደ ገደለው ሰው ነበር። ሠራዊት አልተከተላቸውም፤ የንጉሥ ደብዳቤም አልያዙም። ሞቶሎሚ ስብከታቸውን በሰማ ጊዜ ከገደል እንዲወረወሩ አዘዘ። ወታደሮቹ ደጋግመው ቢወረውሯቸውም ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ እየተቀበለ ያለ ጉዳት አሳረፋቸው። በመጨረሻም ሞቶሎሚ አምኖ ከሕዝቡ ጋር ተጠመቀ። የጣዖቱ ቤት ፈርሶ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ።

ብዙ ሰባኪያን ስለዚህ ታሪክ ሲያስተምሩ ተአምሩን ያጎላሉ። ተአምሩ ታላቅ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ከተአምሩ በፊት የነበረው ውሳኔ ሊታለፍ አይገባም። የበደለንን ሰው ይቅር ማለት ከባድ ነው፤ ያንኑ ሰው ፈልጎ፣ በአገሩ ተቀምጦ፣ ቋንቋውንና ልማዱን ታግሦ፣ የክርስትና አባቱ መሆን ግን ከዚያም ይከብዳል። እረኝነት በጎቹ ካሉበት ይጀምራል የሚባለው ለዚህ ነው።

ከመምህርነት ወደ ደቀ መዝሙርነት

ጻድቁ በዳሞት ለብዙ ዓመታት ካገለገሉ በኋላ ታዋቂ መምህር ሆነው መቀመጥ ሲችሉ እንደገና ተማሪ ሆኑ። ወደ አማራ አገር ሄደው በአባ በጸሎተ ሚካኤል ገዳም እንደ ተራ አገልጋይ ውኃ እየቀዱ፣ እህል እየፈጩ ለ10 ዓመታት ኖሩ። ቀጥሎም ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ተሻግረው ከታላቁ መምህር ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥርዓተ ምንኵስናን ተቀበሉ። ከዚያም ወደ ትግራይ፣ ወደ ደብረ ዳሞ አምርተው በአባ ዮሐኒ ሥር ተቀመጡ። ከደብረ ዳሞ ሲወርዱ የሚወርዱበት ገመድ ቢቆረጥ ስድስት ክንፍ ተሰጥቷቸው በደኅና መሬት እንደደረሱ ገድላቸው ያወሳል። በቅዱሳት ሥዕላት ላይ ባለ ክንፍ ሆነው የሚታዩትም ስለዚህ ነው።

ወደ ሸዋ ተመልሰው በ1276 ዓ.ም. ገደማ ደብረ አስቦ በተባለው ስፍራ ገዳማቸውን መሠረቱ። በዚያም በጠባብ ዋሻ ውስጥ ዙሪያቸውን ጦሮች ተክለው ቆመው ይጸልዩ ጀመር። ከመቆም ብዛት አንድ እግራቸው ተሰበረ፤ በቀረው እግራቸው 7 ዓመታት ቆሙ። የዚህ መታሰቢያ የሆነው ስባረ ዐፅም በጥር 24 ቀን ይከበራል። ጻድቁ በ99 ዓመታቸው ነሐሴ 24 ቀን ዐረፉ። በትውፊት ዓመቱ 1296 ዓ.ም. ሲሆን፣ የታሪክ ጸሐፊዎች ጥቂት ወደዚህ አምጥተው በ1305 ዓ.ም. አካባቢ ያደርጉታል። ካረፉ ከ57 ዓመታት በኋላ ዐፅማቸው የፈለሰበት ግንቦት 12 ቀን እስከ ዛሬ በታላቅ በዓል ይታሰባል። ደብረ አስቦም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1437 ዓ.ም. ደብረ ሊባኖስ ተብላ ተሰየመች።

በከፋ የቀረው ዘር

ጻድቁ ካረፉ በኋላ ደቀ መዛሙርታቸው በየአገሩ ተሰማርተው ስብከቱን ቀጠሉ፤ ዳሞትም ከተላኩባቸው አገሮች አንዱ ነበር። ዐፄ ዐምደ ጽዮን በ1309 ዓ.ም. ገደማ ዳሞትን ሲያስገብሩ የመንግሥቱ ወሰን ወደ ደቡብ ምዕራብ ገፋ። ከዳሞት ቀጥሎ ያለው እናርያ ክርስትናን በመንግሥት ደረጃ የተቀበለው ግን ብዙ ዘግይቶ፣ በ1580 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ሠርጸ ድንግል ዘመን ገዥው በተጠመቀ ጊዜ ነው። ከእናርያ ቀጥሎ የጎጀብን ወንዝ የተሻገረ ሰው ከፋ ይገባል። በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የእናርያ ገዥዎች አገራቸውን ባጡ ጊዜ መጠለያ ያገኙት በከፋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከፋ ከሰሜኑ ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበረው ግንኙነት ለረጅም ዘመን ተቋረጠ። ከጳጳሱ ዘንድ የሚሾም ካህን፣ ከገዳም የሚላክ መጽሐፍ ወደ ቦንጋ መድረስ አልቻለም። ሆኖም በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወደ ከፋ የዘለቁ የውጭ አገር ተጓዦች የክርስትና ቅሪት በአገሩ እንዳገኙ ጽፈዋል። በቦንጋ አካባቢ የምትገኘው የባሐ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም የዚያ ዘመን መታሰቢያ ተደርጋ ትታያለች። ከፊቾች በመስከረም አዲስ ዓመታቸውን የሚቀበሉበትን የማሽቃሬ ባሮ በዓል ስያሜ ከመስቀል ጋር የሚያያይዙ አጥኚዎችም አሉ። የከፋ መንግሥት በ1890 ዓ.ም. መባቻ በዐፄ ምኒልክ ጦር ከወደቀ በኋላ ካህናት እንደገና ሲመጡ፣ መሬቱ ፈጽሞ ያልታረሰ አልነበረም።

የዛሬው እረኛ

ዛሬ በቦንጋ የሚያገለግል ካህን የታተመ መጽሐፍ አለው፤ የተቀዳ ስብከት አለው፤ የሊቃውንቱን ትርጓሜ በእጅ ስልኩ ማግኘት ይችላል። ይህ ሁሉ የአምላክ ስጦታ ነው፤ መናቅ አይገባም። ነገር ግን የጻድቁ ሕይወትና የከፋ ታሪክ አንድ ነገር ያስተምሩናል። መጽሐፍ ሊጠፋ፣ መንገድ ሊዘጋ ይችላል፤ በሰው ልብ የተተከለው ግን መልኩ ቢደበዝዝም ሥሩ ይቆያል። እሱን የሚተክለው ደግሞ የበጎቹን ደጅ የሚያውቅ፣ የታመመውን የሚጠይቅ፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ እረኛ ነው።

እያንዳንዱ ቤተሰብም በዚህ በዓል የየራሱን ዳሞት ሊያስብ ይገባዋል። የተቀየምነው ጎረቤት፣ ደጁን ካልረገጥን ዓመታት ያለፉት ዘመድ ይኖረናል። በጻድቁ ስም ጠበል ጸዲቅ የሚቀመስበት ዕለት እርሱን ለመጥራት የተመቸ ቀን ነው።

የጻድቁ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በረከትና ረድኤት ከሁላችን ጋር ይሁን። መልካም በዓል!