ከቀዳዳው ባሻገር፦ የዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ሕይወት

ከመቱ አዲስ አበባ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን መንገድ በሽንት በራሰ ቀሚስ የተጓዘችን የኢሉባቦር እናት ያላሰበ ሰው፥ የዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንን ሥራ በሚገባ ሊመዝን አይችልም።

ዶክተር ሐምሊን በ1908 እ.ኤ.አ. በኒው ዚላንድ ተወለዱ። በሲድኒ ክራውን ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል ኃላፊ ሳሉ በ1950 ዶክተር ካትሪን ኒኮልሰንን አገቡ። በ1959 ባልና ሚስቱ ከልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ፤ ውላቸው የሦስት ዓመት፥ ተግባራቸውም በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ማቋቋም ነበር። የወሊድ ፊስቱላ ግን ከዚያ በፊት በዐይናቸው አይተው አያውቁም። ጥበቡን ከቀደምት ሐኪሞች፥ በተለይም ከካይሮው ከፕሮፌሰር ናጊብ ማሕፉዝ ሥራ ቀሰሙ።

ጉዳቱን እናውቀዋለን። ቀናት በፈጀ ምጥ የሕፃኑ ራስ ፊኛንና ብልትን ከዳሌ አጥንት ጋር ሲያጣብቅ ደም ይቋረጣል፤ ሥጋውም ይሞታል። ይሁን እንጂ የሚጎዳው ያ ቦታ ብቻ አይደለም። የዳሌ ወለል ጡንቻ ይላላል፥ የሽንት መውጫው ቧንቧ ያጥራል፥ ብልትም በጠባሳ ይጠባል። ስለዚህ ቀዳዳዋ በደኅና ከተዘጋላት በኋላም ስታስል ሽንት የሚያመልጣት፥ የባልና ሚስት ግንኙነትም ሥቃይ የሚሆንባት ሴት አለች። እኛ የሙያው ሰዎች ውጤታችንን በስፌቱ መያዝ ስንቆጥር ኖረናል፤ ስለ መኝታዋ የጠየቅናት (እውነቱን ለመናገር) ጥቂቶች ነን፤ እርሷም ስለምታፍር አትነግረንም።

ሐምሊኖች በ1974 ለፊስቱላ ብቻ የቆመ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ከፈቱ። የዳነችው እናት አዲስ ቀሚስ ለብሳ ትሸኛለች፤ ዳግም ስታረግዝም ከሆስፒታል እንድትወልድ ትመከራለች። ይህ ምክር ሴቲቱ ወደ ትዳር እንደምትመለስ አስቀድሞ የታሰበበት ነው። ራሳቸው ታካሚ የነበሩት ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼም በዚያው ቀዶ ሕክምና ተምረው፥ በ1989 ከሁለቱ ሐኪሞች ጋር የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅን ሜዳልያ ተቀበሉ።

ዶክተር ሐምሊን በ1993 ዐረፉ። የሦስቱ ዓመት ውል ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖ ነበር። የመቱው የፊስቱላ ማእከል የተከፈተው እርሳቸው ካለፉ ከዐሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፥ በ2010 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጎሬና የበደሌ እናት በአቅራቢያዋ ትታከማለች።