የጋፋቱ ዋልድማየር

ቴዎፍሎስ ዋልድማየር እ.ኤ.አ. በ1832 በስዊዘርላንድ አገር ተወለደ። በባዝል ከተማ አጠገብ በሚገኘው በቅድስት ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ፣ በ1858 ወደ ኢትዮጵያ ጕዞውን ጀመረ። እርሱና ጓደኞቹ የተላኩት በእጅ ሙያ እየተዳደሩ ወንጌልን እንዲያስተምሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከሁሉ አስቀድመው የፈለጉት ሙያቸውን ነው።

ከዳንግላ ተነሥቶ ባሕር ዳርን አልፎ፣ ጣናን በስተግራ እየተወ ወደ ደብረ ታቦር የሚዘልቅ መንገደኛ ጋፋትን ከከተማው አጠገብ ያገኛታል። ዋልድማየር የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን አግብቶ በዚያ ተቀመጠ።

ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲሠራላቸው ባዘዙ ጊዜ ሚስዮናውያኑ ሙያውን እንደማያውቁ ገለጡ። ምላሹ አሽከሮቻቸውን ማሰር ሆነ። ስለዚህ ምድጃ ሠርተው፣ ቅርጹን ከሸክላ አበጅተው ናስ አቀለጡ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ በሸክላው ውስጥ ጥቂት እርጥበት ቢቀር፣ የጋለው ናስ ሲነካው ወደ እንፋሎትነት ተለውጦ ቅርጹን ይሰነጥቃል፣ ወይም በብረቱ ሆድ ውስጥ ዐይን የማያየው ቀዳዳ ይተዋል። በዛሬው ዘመን በሮኬት ሞተር መሞከሪያ ጣቢያ የሚሠራ ገጣጣሚ መካኒክ ቧንቧውንና ብሎኑን በመሣሪያ መርምሮ፣ ሞተሩ ሲቀጣጠል ከወፍራም ግንብ ኋላ ይከለላል። በጋፋት ግን የብረቱ ጥንካሬ የሚታወቀው ባሩድ አጕርሶ በመተኮስ ብቻ ነበር፤ መድፉ ቢፈነዳ ደግሞ ከፍንጣሪው የተረፈ ሠሪ የንጉሡ ቍጣ ይጠብቀዋል።

ደጋግመው ሞክረው ተሳካላቸው። ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው፤ በማቅለጡ ፖላንዳዊው ሞሪስ ሆል ብዙ ደክሟል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ በመቶ በሚቈጠሩ ሰዎች እየተጐተተ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። ዛሬም በዚያው አለ።

ሚያዝያ 3 ቀን በእሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። ከንጉሡ ትልልቅ መድፎች አንዱ ባሩድ በዝቶበት ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። በአንጻሩ የእንግሊዝ መርከበኞች ሮኬት ይተኵሱ ነበር።

ከመቅደላ ውድቀት በኋላ ዋልድማየር ከቤተ ሰቡ ጋር ከእንግሊዝ ጦር ኋላ ተከትሎ ወጣ። በሊባኖስ ተቀምጦ በ1873 የብሩማናን ትምህርት ቤት መሠረተ፤ በ1900 የተከፈተውን የአስፉሪየህን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ያቋቋመውም እርሱ ነው። በዚያው አገር ሳለ በ1915 ዐረፈ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት መድፍ ለመሥራት አልተመለሰም።