ስቲቨን ሄልስ፦ የተክልን ውኃ በሚዛን የለካ ቄስ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ባሕር ዛፍ ውኃ ይጨርሳል ወይስ አይጨርስም የሚለው ክርክር ዘመናት ያስቆጠረ ነው። ክርክሩ ግን ከመጠን ጥያቄ ውጭ እልባት አያገኝም፤ አንድ ተክል በቀን ምን ያህል ውኃ ከሥሩ ስቦ በቅጠሉ ያተንናል? ይህን ጥያቄ በሥርዓት ለመለካት ቀዳሚ የሆነው እንግሊዛዊው ስቲቨን ሄልስ ነው።

ሄልስ እ.ኤ.አ. በ1677 በኬንት ግዛት ተወለደ። በካምብሪጅ ከተማረ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1709 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በቴዲንግተን ደብር በቅስና አገለገለ። በ1718 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። ምርምሩን ያካሄደው በዚያችው አነስተኛ መንደር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1724 ክረምት፣ በሸክላ ማሰሮ የበቀለ አንድ የፈረንጅ ሱፍ መረጠ። የአፈሩ እርጥበት በቀጥታ እንዳይተን የማሰሮውን አፍ በስስ የእርሳስ ዝርግ ከድኖ፣ ለ15 ቀናት ጠዋትና ማታ መዘነው። ከዚያም ተክሉን ቆርጦ ማሰሮውን ብቻውን በመመዘን፣ በሸክላው በኩል የሚጠፋውን ውኃ ለይቶ ቀነሰ። ተክሉ ቀኑን በአማካይ 20 አውንስ፣ ማለትም ከግማሽ ሊትር የሚበልጥ ውኃ እንደሚያተንን አረጋገጠ። ጤዛ በሌለበት ሞቃት ሌሊት የክብደቱ መቀነስ ጥቂት ነበር፤ ከባድ ጤዛ በወረደበት ሌሊት ግን ክብደቱ ጨመረ።

ቅጠል ያላቸውን ቅርንጫፎች ቅጠላቸው ከረገፈላቸው ጋር ሲያነጻጽር፣ ቅጠል አልባዎቹ የሳቡት ውኃ እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኘው። በተቆረጠ የወይን ግንድ ላይ የመስተዋት ቱቦ ገጥሞ ደግሞ ሥር ፈሳሹን ወደ ላይ የሚገፋበትን ኃይል ለካ። ይህ ግፊት የሚታየው ቅጠል ከመውጣቱ በፊት በመሆኑ፣ በበጋው ዋነኛው ሳቢ ቅጠሉ እንደሆነ ተረዳ። የተክል ፈሳሽ እንደ እንስሳ ደም ይዞራል የሚለውንም አስተሳሰብ አልተቀበለም። ግኝቶቹን እ.ኤ.አ. በ1727 ቬጅቴብል ስታቲክስ በተሰኘው መጽሐፉ አሳተመ። በ1739 የኮፕሊ ሜዳልያ ተሸለመ፤ በ1761 በ83 ዓመቱ አረፈ።

ሄልስ ያልመለሰው ጥያቄ ነበር፤ ውኃው በረጅም ዛፍ ውስጥ ሳይበጠስ እንዴት ይሳባል? ዲክሰንና ጆሊ የተባሉ የደብሊን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1894 የውኃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ የመያያዝ ኃይል ከቅጠል ትነት ጋር ተዳምሮ የውኃውን ዓምድ እንደሚስብ አስረዱ።

በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ለሚሠራ ተመራማሪ የሄልስ ሕይወት ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛ፣ ሚዛን፣ ማሰሮና ትዕግሥት ያለው ሰው የአስታን፣ የኮሶን፣ የጥድንና የባሕር ዛፍን ችግኞች ጎን ለጎን አስቀምጦ የውኃ ፍጆታቸውን ማነጻጸር ይችላል። ሁለተኛ፣ ማሰሮው ራሱ ውኃ እንደሚያጠፋ የፈተሸው ሄልስ ውጤትን ከስሕተት መለየትን አስተምሯል። በማሰሮ ውስጥ ያለ ችግኝ ልኬት በቀጥታ ተባዝቶ የአንድ ተራራ ደን ወይም የአንድ ምንጭ ዕጣ ሊወሰንበት አይገባም። ገበሬው ዛፉን ይቁረጥ ወይም ይትከል የሚል ምክር የሚሰጠው፣ ይህ ልዩነት ከታወቀ በኋላ ሊሆን ይገባል።