የአሠልጣኝ ትልቅነት በምን ይለካል? የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ አጭር ታሪክ

ቅዳሜና እሑድ ሐይቅ ከተማ ዲኤስቲቪ ቤት የሚውሉ ልጆቻችን ከእንግሊዝ አሠልጣኞች ማን ይበልጣል እያሉ ሲከራከሩ እንሰማለን። ክርክሩ ለቅሶ ድንኳን ድረስ እየገባ አስቸግሯል። መለኪያቸው የዋንጫ ብዛት ነው። እኛ ደግሞ ላገራቸው አንድ የአፍሪካ ዋንጫ ብቻ ያመጡትን ሰው እናስበልጣለን።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ላይ ተወለዱ። አባታቸው በዘፈንና በቅኔ ስመ ጥር የነበሩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። አቶ ይድነቃቸው በልጅነታቸው ቅዱስ ጊዮርጊስ ገብተው ለብዙ ዓመት ተጫወቱ፤ ለብሔራዊ ቡድንም ተሰለፉ። ኋላ ወደ ማሠልጠኑና ወደ አስተዳደሩ ዞሩ።

ለእኛ ትልቁ ሥራቸው በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የተሠራው ነው። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሊመሠርቱ፣ የመጀመሪያውንም ዋንጫ ሊጫወቱ ተነሡ። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ነው የማሰልፈው አለች። አቶ ይድነቃቸውና ባልደረቦቻቸው ካልቀላቀላችሁ አትጫወቱም ብለው ድርቅ አሉ፤ አገሪቱም ቀረች። ኢትዮጵያ የተመደበችው ከእርሷው ጋር ስለነበር ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈችና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ታዲያ ይኸ ምን ያኮራል የሚል አይጠፋም። እስቲ በቅሬ እንየው። እዚህ ሐይቅና አምባሰል እስላም ክርስቲያኑ ይቀባበራል። ጥሩ ዳኛ የምንለው ሣጥኑን የሞላውን ነው ወይስ ማንም ሰው ከቀባሪ እንዳይጎድል ያደረገውን?

ዋንጫውም ቢሆን መጣ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ያችው ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። ግርማ ተክሌ አንዱን፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለተኛውን መለሱ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉና 4 ለ 2 አለቀ። ሁለቱ ቫሳሎዎች ወንድማማቾች ናቸው፣ ከጣሊያን አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ የአሥመራ ልጆች። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ነበር። ካርቱም ላይ ቀላቅሉ ያሉት ሰው እቤታቸውም ቀላቅለው ነው ያሸነፉት።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ያንኑ ነገር ሳይለቁ ተሟገቱ። በ1968 ዓ.ም. የዓለሙ ፌዴሬሽን ደቡብ አፍሪካን አባረረ። እሳቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ደቡብ አፍሪካ የዘር አገዛዙ ሲፈርስ በ1984 ዓ.ም. ተመለሰች፤ በ1988 ዓ.ም. ጥር ወር ነጭና ጥቁሩን ባንድ ማልያ አሰልፋ፣ በገዛ ሜዳዋ የአፍሪካን ዋንጫ በላች።