ቅዱስ ያሬድና በፈሪሃ እግዚአብሔር የሚቀርብ ዝማሬ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፤ ዝማሬ ከከንፈር ብቻ ሲወጣ ድምፅ እንጂ ምስጋና አይሆንም። ምስጋና የሚሆነው በማን ፊት እንደ ቆመ ከሚያውቅ ልብ ሲወጣ ነው። ይህንንም የዜማችን አባት የቅዱስ ያሬድ ሕይወት አጉልቶ ያሳየናል።

ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረ ሊቅ ነው። በ505 ዓ.ም. በአክሱም እንደ ተወለደ የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ይናገራል። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት እናቱ እንዲያስተምረው ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ይሁን እንጂ ትምህርቱ አልገባው አለ። ግርፋቱ ቢጸናበት ሸሽቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንዲት ትል ዛፉን ለመውጣት ስትታገል አየ። ስድስት ጊዜ ወደቀች፤ በሰባተኛው ግን ወጣች። ያሬድ ከትሏ ትዕግሥትን ተምሮ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ይቅርታ ጠይቆም በዕንባ ወደ እግዚአብሔር ጸለየ። አእምሮውም ተከፈተለት፤ ብሉይንና ሐዲስን ተምሮ ዲቁና ተቀበለ።

ልብ እንበል፤ ይህ ልጅ የዜማውን ጸጋ ከመቀበሉ በፊት የተሰበረ ልብን ተቀብሏል። ገድሉ እንደሚተርክልን ከዚህ በኋላ እግዚአብሔር ሦስት አዕዋፍን ከገነት ላከለት፤ ወደ ሰማይም ተነጥቆ የ24ቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰማ። ሲመለስ በአክሱም ጽዮን ቆሞ አርያም የተባለውን ዜማ አዜመ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ ዜማዎች፣ እንዲሁም ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት እስከ ዛሬ የምንገለገልባቸው የእርሱ ሥራዎች ናቸው።

ከዕለታት አንድ ቀን ቅዱስ ያሬድ በንጉሡ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ልቡ ተመስጦ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ። ዘማሪው ግን አልተሰማውም፤ ንጉሡም አላየም። ሁለቱም ያወቁት ዜማው ካለቀ በኋላ ነው። ንጉሡም ደንግጦ ጦሩን ነቀለና ስለ ደሙ ካሣ የሚፈልገውን ሁሉ እንዲጠይቀው ነገረው።

ብዙዎቻችን ከዚህ ታሪክ የምናስታውሰው ጦሩን ነው። እኔን ግን ይልቁን የሚገርመኝ ልመናው ነው። ርስት ወይም ወርቅ መጠየቅ ይችል ነበር። እርሱ ግን አስቀድሞ ንጉሡን በመሐላ ካሰረው በኋላ፣ ወደ ገዳም ሄዶ በምናኔ እንዲኖር እንዲያሰናብተው ብቻ ለመነ። ንጉሡ እያዘነ ፈቀደለት። ወደ ሰሜን ተራሮችም ሄዶ በጾም፣ በጸሎትና በማስተማር ኖረ። መታሰቢያውንም በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን እናከብራለን። እንግዲህ ያሬድ ቤተ መንግሥቱንና አድናቂዎቹን ትቶ መሄዱ፣ ዝማሬው ከመጀመሪያውም ለሰው ጆሮ እንዳልነበረ ይመሰክራል።

ይህን ስጽፍ አስቀድሜ የምወቅሰው ራሴን ነው። ባለፈው በዓል ከዘማርያኑ መካከል ቆሜ ሳለሁ ድምፄ ከሌሎቹ ጎልቶ ይሰማ እንደ ሆነ አዳምጥ ነበር። መዝሙሩ ሲያልቅ አንዲት ቃል እንኳ በልቤ አልቀረችም። ከምእመናኑ አንድ ሰው ሲያመሰግነኝ ደስ አለኝ፤ ማታ ግን ኅሊናዬ ወቀሰኝ። ያሬድ እግሩ ተወግቶ ሳለ አልተሰማውም፤ እኛ ግን ማንም ሳይወጋን እግራችን ደከመ እያልን ሰዓት እንቆጥራለን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከበሮው ይመታ፣ ጸናጽሉም ይጸንጽል፤ መልካም ነው። ነገር ግን በቤተ መቅደሱ ደጅ ጫማችንን ስናወልቅ በሰው ለመታየት ያለንን ምኞት አብረን እናውልቅ። ከመዘመራችንም በፊት ጥቂት ጊዜ ዝም ብለን በማን ፊት እንደ ቆምን እናስብ። ድምፁ ያማረም ያላማረም ይህን ማድረግ ይችላል።

የቅዱስ ያሬድ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።